የአቶ ትራፊ ከሰል

ፀጉር አስተካካዩና ታናሽ እህቱ እሁድ እሁድ ጓሮ ስጋ ጠብሰው ሲጨርሱ የአጥሩ በር ይንኳኳል። በቅርቡ ሰፈሩ የገባ፣ ባዶ ጣሳ ያንጠለጠለ ረጅም ሰው ነው።

«እንደምን ዋላችሁ? የተረፈ ከሰል ይኖር ይሆን?»

ፀጉር አስተካካዩ ስም አውጥቶለታል፤ አቶ ትራፊ። በጠራው ቁጥር ራሱ ይስቃል። ታናሽ እህቱ ግን ፊቷን ወደ ማንደጃው ታዞራለች።

አቶ ትራፊ ቁጢጥ ይልና አመዱን ያራግፋል። ሁለት ከሰል አጋጭቶ ድምፁን ያዳምጣል፣ ደህና ደህናውን ይለቅማል። ጥፍሩ ሁሌ ጥቁር ነው።

«ይሄ እኮ ገና ጉልበት አለው» ይላል። «ከአዲሱ ጋር ቀላቅሎ ማቀጣጠል ነው።»

እህትየዋ ደግሞ ሰሞኑን አባካኝ ሆናለች። ለአንዲት ቁራጭ ስጋ ማንደጃውን ጢም አድርጋ ትሞላና፣ ፍሙ ሳይከስም ክዳኑን ትደፋበታለች። ከሰሉ ቶሎ ቶሎ ያልቃል። ወንድሟ ልግዛልሽ ሲላት «አንተ መምረጥ አታውቅም» ትለውና፣ ጉትቻዋን አድርጋ ራሷ ታችኛው ገበያ ድረስ ትወርዳለች።

በዚህ እሁድ ሰውየው ጣሳ አልያዘም። በተተኮሰ ሸሚዝ ከአክስቱ ጋር መጣና እህትየዋን ለትዳር ጠየቀ። ፀጉር አስተካካዩን ሻዩ ትን አለው።

«እንመካከርበት» ብሎ እንደምንም ሸኛቸው። በሩ ሲዘጋ ግን አልቻለም።

«እሳት አመድ ሲወልድ ነው የማውቀው፤ አመድ ሙሽራ ሲወልድ ገና ማየቴ ነው!»

«ጋሼ በሞቴ፣ ቀስ በል፣ ይሰሙሃል!»

«ይስሙኛ! ሰውየው ክፉ አይደለም፣ እሺ፤ ጨዋታም ያውቃል። ግን ቋጣሪ ነው! ነገ አንድ ክብሪት ለሁለት ሰንጥቀሽ ልትጭሪ ነው?»

እህቱ ከንፈሯን ነክሳ አቀረቀረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የምታለቅስ መስሎት ሆዱ ባባ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ያሳደጋት እሱ ነው፣ ችግር ላይ ጥሏት ማደር አይሆንለትም።

«በቃ አታልቅሺ። ከወደድሽው እምቢ አልልም። አንድ ነገር ብቻ አስረጂኝ፤ ከሰል መግዛት ያቃተው ሰው አንቺን በምን ያኖርሻል?»

ቀና ስትል ሳቋ አመለጣት።

«መግዛትማ ምን በወጣው፣ ጋሼ? እኔ ገበያ ወርጄ ሁሌ ከሰሉን ከማን የምገዛ መስሎህ ነው?»