የሞረድ ምልክት

ጆጉ የሚቀረጽበት የብረት ሞልድ ሊከፈት ሲል ገደፋው ደረት ኪሱ ውስጥ ያለችውን ሞረድ በመዳፉ ሸፈናት። በዚህ የቡሬ ፕላስቲክ ፋብሪካ ሞልድ ሲሠራ ነው የሸበተው፤ እጀታው ያልጎደለ ጆግ ማውጣት ግን አልሆነለትም። ከመጣች ወር ያልሞላት ወጣቷ መሐንዲስ ያምሮት የቀለጠው ፕላስቲክ የሚፈስበትን ቦይ እንደ አዲስ ነድፋ አስቀረጸች፤ ሥራ አስኪያጁም ገና ሳይሞከር ያወድሳት ጀመር። ገደፋው ቀናባት። ምሳ ሰዓት ሰው ሁሉ ሲወጣ ወደ እጀታው የሚሄደውን ቦይ ሞርዶ አሰፋው፤ ፕላስቲኩ ወደዚያ ብቻ ነጉዶ የጆጉ አፍ ጎዶሎ እንዲቀር።

ሞልዱ ተከፈተ። ጆጉ ከነእጀታው፣ ከነአፉ ሙሉ ሆኖ ወደቀ። ሠራተኛው አጨበጨበ። ያምሮት ግን ጎንበስ ብላ ቦዩ ላይ ያለውን የሞረድ ምልክት በጣቷ ዳሰሰችና ቀና ብላ ገደፋውን አየችው።

«ጋሼ፣ ሆን ብዬ ነበር ያጠበብኩት» አለችው። «ብረት አንዴ ከተሞረደ አይመለስም ብዬ። ሞክረን ሲጎድል፣ ልኩን በእጅዎ እንዲያወጡልኝ ልለምንዎት ነበር። ሳልነግርዎት እንዴት አወቁት?»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ገደፋው ዞሮ እንደገና አጨበጨበ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው ጭብጨባ ነበር። ገደፋው ግን መዳፉን ከኪሱ ላይ ማንሳት አቃተው።