የፓካማኒ እጅ

«ጎንበስ በል እንጂ ሰንዞ! ፓካማኒ ካንተ ያጥራል» ትለኛለች ጎረቤታችን ማዞንዶ በሹክሹክታ፣ ከምድጃዋ ያመጣችውን አመድ በሳህን ውሃ ውስጥ እየበጠበጠች።

«ባባ ዓይናቸው አያይ፣ ቁመቴን በምን ሊያውቁ?»

«ድምፅህ ከላይ ይመጣላ፣ አንተ ጅል!»

አጎነብሳለሁ። ባባ ንዲማንዴ ልጃቸው ፓካማኒ በጭነት መኪና የላከላቸው አልጋ ላይ ተጋድመዋል። ቁልፉን ሲነኩት ራሱ ሽቅብ የሚነሳ አልጋ ነው። የሰፈራችን የኡምላዚ ሰው ተሰልፎ ሊያይ መጥቷል፤ አልጋውን ማለቴ ነው። እኔም አላርፍ ብዬ፣ «የአንድ ንጉሥ ነበር፤ ባንኮራፉ ቁጥር እየደነበረ ሲነሳባቸው ሸጡት» ብዬ አውርቻለሁ። ስድስት ሰው አምኖኛል።

ከሦስት ዓመት በፊት ፓካማኒ አዲስ መኪና ገዝቶ፣ ለመኪናው በሬ አረደ። አባትየው በሰው ፊት «ለእናትህ መቃብር ፍየል እንኳ ያላረድክ፣ ለብረት በሬ?» አሉት። ከዚያ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም። የባባ የመጨረሻ ምኞት አንድ ነው፤ እንደ ወጉ ከልጃቸው ጋር በአንድ ሳህን የአመድ ውሃ እጅ ታጥበው፣ ታርቀው መሞት።

ትናንት ደርባን ቤቱ ድረስ ሄጄ ነበር። በሩን አልከፈተም፤ አጥሩ ላይ በተሰካች ድምፅ ማጉያ አናገረኝ። «ሰንዞ፣ ሥራ ላይ ነኝ። አልጋው አልተመቸውም እንዴ? ከሱ የተሻለ አለ፣ እልካለሁ» አለኝ።

እኔ ደግሞ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ድምፅ አስመስላለሁ። የቄሱን አስመስዬ በስልክ ሠርግ አሰርዣለሁ። የፓካማኒማ ምን አላት!

«ባባ፣ መጣሁ።»

ፊታቸው ይበራል። ማዞንዶ ሳህኑን ጭናቸው ላይ ታስቀምጣለች። እጃቸውን ይነክራሉ፣ ውሃው ውስጥ የኔን ይፈልጋሉ፣ ያገኙታል።

«ልጄ… ቆየህብኝ።»

«መንገዱ ነው ባባ።»

ጣቶቼን አንድ በአንድ ይዳብሳሉ። የጡብ ሥራ ያሻከረው መዳፌ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። ማዞንዶ አፏን በሻርፗ ትይዛለች።

«ሰንዞ» ይላሉ በቀስታ፣ «እኔና አንተ መቼ ተጣልተን እናውቃለን?»

ላደርቅላቸው ፎጣ ስዘረጋ ይገፉኛል። እጃቸውን እንደረጠበ ወደ በሩ ይዘረጋሉ። ግራጫው ውሃ በክርናቸው ወርዶ ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ክንዳቸውን አያወርዱትም።