የጎፈር ሸሚዝ

ጭላዳ ዝንጀሮዎች እንደኛ ማውራት ከጀመሩ ወዲህ፣ ደባርቅ ከተማ ውስጥ ደረቱን ገልጦ የሚሄድ ጭላዳ ነውረኛ ይባላል። ተከራዬ ጎፈር ማዘጋጃ ቤት ሥራ ሲይዝ ሸሚዙን የሰፋሁለትም፣ አዝራር መቆለፍ ያስተማርኩትም እኔው ነኝ። አቤት የዚያን ቀን ደስታው! ከመስታወቱ ፊት አልነሳ አለኝ።

ትናንት ገደሉ ስር የታመመች እናቱን ጠይቆ ተመለሰ።

«እናትህ ተሻላት?» አልኩት።

«ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ የሚወደውን ጎመን አቀረብኩለት። አልነካውም። እጁ የአንገቱን አዝራር ደጋግሞ ይነካካል። የጠበቀው መስሎኝ ጠጋ ብዬ ፈታሁለት። ሲደሰት እንደ በርበሬ የሚቀላው ደረቱ አመድ መስሏል።

«መቼ ነው?» አልኩት ቁጭ ብዬ።

«ማክሰኞ ቀበርናት።»

«ታዲያ ምነው ዋሸኸኝ፣ አንተ ልጅ?»

«ሰው ሲጠይቃችሁ እንዲህ አይደል የምትሉት፣ እማማ?»

ትክ ብሎ አየኝ።

«ልጅዎስ? ተቆጥታ ከወጣች ወዲህ ደወለች?»

«ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩና ነጠላዬን ደረቴ ላይ ሰበሰብኩ።

ጎፈር ሸሚዙን እንደከፈተ ተነስቶ ከጀርባዬ ተቀመጠና፣ በእነዚያ ጥቋቁር ጣቶቹ ፀጉሬን ቀስ እያለ ይከፋፍል ጀመር። እነሱ ዘንድ ለቅሶ የሚደረሰው እንዲህ ነው።