ቅጠልም ፍሬም

ጫካው በማግስቱ ሊመነጠር ነው። አሮጊቷ የዕፅዋት ተመራማሪ ግን የመሥሪያ ቤቷ ሰዎች መኪና እንስጥዎት ቢሏት እምቢ ብላ፣ ሸለቆውን ከዳር እስከ ዳር በእግሯ አቋረጠችው። ያውም መንገዱን ትታ፣ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ፣ ጋቢዋን እየጎተተች።

መውጫው ኬላ ላይ ጫካውን የሚያስመነጥረው የእርሻ ድርጅት ዘበኛ አስቆማት።

"እማማ፣ ከዚህ ቅጠልም ፍሬም እንዳይወጣ ተብሏል። ቦርሳዎን ይክፈቱ።"

"ለምን ተባለ?"

"ሌላ ቦታ የሌለ ተክል እዚህ ተገኘ ከተባለ ምንጣሮው ይቆማላ።"

"እኔም የመጣሁት ላስቆመው ነው" አለችና ቦርሳዋን ራሷ ከፈተችለት።

ዘበኛው በጋዜጣ መሃል የተጫኑትን ቅጠሎች እያወጣ ከሚሞቀው እሳት ላይ ጨመራቸው። እሷ ዓይኗን ከዓይኑ ሳትነቅል ጠበቀችው። ሲጨርስ ያን ሁሉ መንገድ በከንቱ መምጣቷ አሳዘነው። ጋቢዋን አየት አደረገ፤ ከላይ እስከ ታች የጫካው ጭጎጎት ዓይነት በዓይነት ተጣብቆበታል።

"እማማ፣ ልብስዎ እኮ ተበላሸ። ይምጡ፣ ላራግፍልዎት።"

"ተወው ልጄ" አለችው። ጋቢዋን ሰብስባ ተከናነበች፤ የኬላውን ገመድ ተሻግራም ዞር አለች።

"ቤቴ ስደርስ፣ አንዷንም ፍሬ ሳልጥል፣ ራሴ እለቅመዋለሁ።"