የጭቃዋ ሴት አንገት

ለምሠራው ሐውልት ገላዋን ገልጣ ፎቶ የምትነሳልኝ ሴት ወረታ ላይ ከየት ትምጣ? የራሴን ገላ በስልኬ አነሳሁና፣ ከቁሐር ሚካኤል ባመጣሁት ጭቃ ሴት አድርጌ ሠራሁት።

እህቴ መስከረም ሥራዬን አይታ ፈዘዘች። «የእማዬን ንቅሳት ለምን አንገቷ ላይ አደረግህባት? ነፍሷን ይማርና፣ ሦስተኛው መስመር እንኳ እንደ እሷው መሃሉ ላይ ተቋርጧል።»

እኔ ንቅሳት አልሠራሁም። «ተው፣ አታጥፋው» ብትለኝም በእርጥብ አውራ ጣቴ አለስልሼ አጠፋሁት።

በማግስቱ ፂሜን ልላጭ ፀጉር አስተካካዩ አሚር ዘንድ ገባሁ። አገጬን ቀና አድርጎ አረፋውን ከአንገቴ ጠረገ፤ ደግሞ ጠረገ፤ ከዚያ ፎጣውን አስቀመጠ።

«ቻላቸው፣ ወንድ ልጅ አንገቱን ይነቀሳል እንዴ?» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሦስተኛውን መስመርስ ለምን አልጨረሱልህም?»