ግማሽ ፊት

እስካለፈው ሳምንት ድረስ በደሴ ከተማ የተሸበሸበ ፊት ይዤ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሌላው ሁሉ በሌዘር አስጠርጎ የሃያ ዓመት ልጅ መስሏል። ጎረቤቴ ድንቅነሽ በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ በቀደም ሰርግ ላይ አንድ ጎረምሳ "ቆንጆ፣ ስልክሽን" አላት። ሰጠችው እኮ! ግን ለቅሶ ቤት ስትገባ የሚነሳላት የለም፤ በር ስር ነው የምትቀመጠው። ለእኔ ግን ቤቱ ሁሉ "ኖር!" ብሎ ይነሳል። ይኼን ማን ይጥላል?

የልጅ ልጄ ትርሲት የሌዘር ሙያ ተምራ ጨረሰች። ፈቃድ የሚሰጧት ግን የእውነት ሽብሽብ አጥፍታ ስታሳይ ነው። ከየት ታምጣ? መጥታ ጉልበቴ ላይ ወደቀች።

"እማማ፣ ፊትዎን ይስጡኝ። አለዚያ ልፋቴ ሁሉ ገደል ገባ።"

"ክብሬስ?"

"እኔ እነሳልዎታለሁ።"

"አንቺ ብቻሽን ተነስተሽ ምን ልትፈይጂልኝ!" አልኳት። እንባዋን ሳይ ግን ሆዴ አልቻለም። "በይ ግማሹን ውሰጂ፤ ግራውን።"

ፈታኟ ሁለቱን ጉንጮቼን እያስተያየች "ወይ ጉድ!" አለችና አሳለፈቻት። እዚያው በራሷ ክሊኒክ ቀጠረቻት። እልልታዬን አቀለጥኩት።

ዛሬ ማኅበር ሄድኩ። በቀኜ ያሉት "ኖር!" ብለው ብድግ አሉ። በግራዬ ያሉት ወጣቶች ቁጭ እንዳሉ "አንቺ ልጅ፣ እስቲ ውሃ አምጪልን" አሉኝ።

አመጣሁላቸው። ሳቀብላቸው ግን ቀኝ ጉንጬን አዞርኩባቸው። ብርጭቆውን ሊለቁት ምንም አልቀራቸው!