የረግረጉ አስታ

የዕፀዋት ባለሙያዋ ቅርንጫፉን ከላስቲኩ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ቅርንጫፉ የተቆረጠው ለታላቅ እህቷ በውርስ ከደረሳት ረግረግ ነው። የእህቷ ባል ረግረጉን አድርቆ ፎቅ ሊሠራበት ተነስቷል። ዶዘሩ ሊገባ ሲል፣ እዚያ የሚያብበው ቁጥቋጦ ሌላ ቦታ የማይገኝ የአገር ዘር ነው የሚል ጥቆማ ለመሥሪያ ቤቷ በስልክ ደረሰ። የደዋዩ ማንነት አልታወቀም። መርምሪ የተባለችው ደግሞ እሷው ሆነች። የእህቴ መሬት ነው ብላ ለሌላ ባለሙያ መተው ነበረባት፤ ግን ሥራውን ተቀበለች።

"ያ ምቀኛ ጎረቤታችን ነው እንጂ ማን ይሆናል!" ብሏት ነበር የእህቷ ባል። "ግድ የለም፣ አንቺ እያለሽ ማን ይነካናል?"

እህቷ አጠገቡ ተቀምጣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነበር።

ባለሙያዋ አበቦቹን አየች። ነጫጭ ናቸው፤ እንደ ትንንሽ ደወል ቁልቁል ተንጠልጥለዋል። እስከዚህ ድረስ በየተራራው ከሚበቅለው አስታ አይለዩም። ቅጠሉን ገልብጣ በማጉያ መነጽር ስታየው ግን ጀርባው ብርማ ጸጉር ለብሷል። ጥርጥር የለውም፤ ጠፍቷል ሲባል የኖረው የረግረግ አስታ ነው።

መነጽሩን አስቀመጠች፤ እውነቱን ከጻፈች ግንባታው ይታገዳል። እናታቸው ስታርፍ ትምህርቷን ጥላ ያሳደገቻት ይህች እህቷ ናት። የእሷ ውለታ በምን ይመለሳል?

ከሰዓት በኋላ እህቷ ብቻዋን ቢሮ መጣች። የቦርሳዋን ማንገቻ እየጠመዘዘች በሩ ላይ ቆመች።

"አየሽው?"

"አየሁት፣ እትዬ።"

"በደንብ አየሽው? ቅጠሉን ገልብጠሽ?"

ባለሙያዋ አንገቷን ደፋች። እስከ ዛሬ በሙያዋ ዋሽታ አታውቅም ነበር።

"ተራው አስታ ነው። ውጤቱን ፈርሜ ልኬዋለሁ። ባልሽም አሁን ደውሎልኝ ነበር፤ ዶዘሩ ገብቷል። አይዞሽ፣ ከእንግዲህ የሚከለክላችሁ የለም።"

እህቷ ወንበሩ ላይ ዝርፍጥ አለች። እንባዋ ዱብ ዱብ ይል ጀመር። ባለሙያዋ የደስታ መስሏት እቅፍ አደረገቻት፤ የራሷ ሕሊና ግን እንደ እሾህ ይወጋታል። ያንን ቅጠል ዳግመኛ በየት ታገኘዋለች? ማንስ ያምናታል?

"ላንቺ ብዬ ነው፣ እትዬ" አለቻት። "ላንቺ ባይሆን አላደርገውም ነበር።"

"ባሌን እምቢ የምልበት አቅም ሳጣ ነው እኮ" አለች እህቷ፣ "መሥሪያ ቤትሽ የደወልኩት።"